ያልተሰረዘው መንገድ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ምንጣፉ ለሁላችንም ይበቃል። መዳፍ ስለምታህል አንዲት ሮቦት ላጫውታችሁ።

የልጅ ልጄን ሁሉም «ቁንጫ» ነው የሚላት፣ አንድ ቦታ ስለማትረጋ። አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ፣ ልጄ፣ ሆስፒታል ሳለች በየቀኑ ቁንጫን ከትምህርት ቤት አወጣትና ፋርማሲው ጋ ወደ ግራ ታጥፈን ሄደን እንጠይቃት ነበር። ልጄ ስትሞት ቁንጫን አክስቷ ቤት አቆየናት። ስትመለስ ሐኪሙ መግባት ከልክሏል አልኳት። ሦስት ሳምንት ሙሉ እስከ ሆስፒታሉ በር እየወሰድኩ መለስኳት። አክስቷ እንድነግራት ትወተውተኛለች፣ እኔ ነገ እላለሁ። እንባም እምቢ አለኝ። አርባ ዓመት እንጨት ስልግ ኖሬ ራሴ እንጨት ሆንኩ።

አንድ ቀን ትምህርት ቤቷ ቀደም ብዬ ደረስኩና ክፍላቸው ጥግ፣ ጉልበቴ ከማይገባባት የልጆች ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወለሉ ካሬ በካሬ ተሰምሯል። ልጆቹ ሮቦቷ ጀርባ ላይ ያሉትን ቁልፎች ይጫናሉ፤ ወደፊት፣ ወደፊት፣ ወደ ቀኝ፣ በቃ ሂጂ። ቁንጫ ከቤቱ ሥዕል ወደ ዛፉ ሥዕል ልትልካት ካሬዎቹን በጣቷ ቆጥራ ተጫነች። ሮቦቷ ግን ወደ ግራ ታጥፋ ሄዳ ከቁም ሳጥኑ ጋር ተላተመች። ልጆቹ ሳቁ፤ አንዱማ ሰክራለች አለ።

መምህርቷ ተንበረከከች። «የቅድሙን አልሰረዝሽውም፣ የኔ ቆንጆ። እሷ እኮ አሮጌውን ሳትጨርስ አዲሱን አትጀምርም።» ጀርባዋ መሀል ላይ ያለችውን መሰረዣ ቁልፍም አሳየቻት።

ስንወጣ፣ ፋርማሲው ጋ እግሬ እንደ ልማዱ ወደ ግራ ታጠፈ። ቁንጫ እጄን እንደያዘች ቆመች።

«አባባ፣ አልሰረዙትም እንዴ?»

ያልገባኝ መስዬ ወደ ግራ ሳብ አደረግኳት።

«እማዬ እኮ እዚያ የለችም።»

ማን እንደነገራት ጠየቅኳት። የአክስቷ ልጅ ነው፣ ያኔውኑ እነሱ ቤት ሳለች።

«ታዲያ ለምን ትከተይኛለሽ?»

«ብቻዎን እንዳይሄዱ ነዋ።»

«ሞታለች» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ምንም አልተሰማኝም፤ የትንሽ እጇ ሙቀት ብቻ። ጎንበስ እንድል ጎተተችኝና ጀርባዬን መሀል ለመሀል በጣቷ ተጫነችው። ከዚያ በቀኝ በኩል፣ ወደ ቤታችን ሄድን።

እንባው የመጣው ከብዙ ቀን በኋላ ነው፤ እሱን ተዉት። እኔንም ብትረሱ ግድ የለም፣ ያቺን ጣት ብቻ አስታውሱልኝ።