ወንዝ ሲጎድል የሚመጡ

በዚያ የምርምር ተቋም ሰው የሚጠራው በሚያጠናው ፍጥረት ነበር። ሸረሪት የሚያጠናው “ሸረሪቱ”፣ ጉንዳን የሚያጠኑት ሁለት ባልንጀሮች “ጉንዳኖቹ”፣ እሷ ደግሞ “ጢንዚዛዋ”። ስሙን ያወጡላቸው አለቃቸው ናቸው፤ ሁሉንም ያስተማሩ፣ ሁሉም “ጋሼ” የሚሏቸው ሽማግሌ።

ሥራቸው ለሰሚው ግራ ነው። ክረምት ሞልተው በጋ የሚደርቁ ወንዞች አሉ አይደል? ውኃው ሲሸሽ ከዳር ተነሥቶ ወደ ወንዙ ሆድ የሚገባውን ስድስት እግርና ስምንት እግር ሁሉ ይከታተላሉ። የላስቲክ ኩባያ ከጠጠሩ እኩል አድርገው ይቀብራሉ፤ የሚሮጠው ሁሉ እየወደቀ ይገኛል። ሰው “ወንዙ ሞተ” ብሎ ከንፈሩን ሲመጥ እዚያ ታች ድግስ ነው። መጀመሪያ ሸረሪት ይደርሳል፤ ድር የማያደራው፣ ሮጦ የሚይዘው ዓይነት፣ ገና ጭቃው ሳይጠጥር። ቀጥሎ ጢንዚዛ ይመጣል። እሱ ጨዋ ነው፤ ቀን ድንጋይ ሥር ውሎ፣ ሲመሽ ያለ ውኃ የቀረውን ዓሣና ትል ይበላል። በመጨረሻ ጉንዳን ተሰልፎ የተረፈውን ይለቅማል። ታዲያ እነዚህ ሊቃውንት የትም ቆመው ሲናገሩ መጀመሪያ የሚሏት ነገር አለች፤ “የደረቀ ወንዝ የሞተ ወንዝ አይደለም፤ ውኃው ይመለሳል።” በቃላቸው ይዘዋታል። በቃል መያዝና ማወቅ ግን ለየቅል ነው።

ጋሼ ታመው ቤት ዋሉ። ሰነበቱም። አንድ ጠዋት በቢሯቸው በር ላይ የነበረው የስም ሰሌዳ ጠፋ፤ የቀረው የብሎኑ ቀዳዳ ብቻ ነው።

“አበቃላቸው ማለት ነው። በቃ፣ ጡረታ አወጧቸው” አለ ሸረሪቱ ፊቱን አጨፍግጎ። ሐዘኑ እስከ ምሳ አልቆየም። ሰሌዳውን ማን ነቀለው ብሎ የጥገና ክፍሉን የጠየቀ አንድም ተመራማሪ አልተገኘም።

ከምሳ በኋላ የጋሼ ባለጎማ ወንበር ሸረሪቱ ቢሮ ውስጥ ነበር። “ወገቤን ስለሚያመኝ ነው” አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። በማግስቱ ጉንዳኖቹ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው መጽሐፎቹን ሲያመላልሱ ዋሉ። መደርደሪያውንም ወሰዱ፤ መጋረጃውንም።

“መጋረጃው ደግሞ ምን ያደርግላችኋል?” አለቻቸው ጢንዚዛዋ።

“ብቻውን ቢቀር አሳዘነን።”

ማታ ለእናቷ በስልክ ስታወራ አንድ በአንድ አማቻቸው። “ሆዳሞች ናቸው እማዬ! ሰውየው ሳይሞቱ ተቀራመቷቸው።”

“ሆዳሞቹን ተያቸው። አንቺስ ሄደሽ ጠየቅሻቸው?”

“እሄዳለሁ፤ ሥራ በዛብኝ እንጂ።”

“አባትሽ ሲሞት እንደ አባት የቆሙልሽ ሰው ናቸው፣ ልጄ። ታሞ ያልተጠየቀ ሰው ምን ይሰማዋል?”

“ነገ፣ እማዬ።”

ነገም ሌላ ነገ ወለደ። የምትፈልገው ነገር አንድ ነበር፤ የጋሼ ማይክሮስኮፕ። የጢንዚዛ እግር ላይ ያለውን ፀጉር ለይቶ የሚያሳይ ሌላ መሣሪያ ተቋሙ የለውም፤ ጥናቷም ያለ እሱ አያልቅም። ጋሼም ይህን ያውቃሉ፤ “አይዞሽ፣ መላ አለው” ይሏት ነበር። እሷ ግን እንደ ሸረሪቱ ተሽቀዳድማ፣ በጠራራ ፀሐይ ሰው እያየ አትወስድም፤ ጨዋ ናት። ሠራተኛው ወጥቶ ሲያልቅ ገባችና በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አቅፋ ወሰደችው። አቧራ እንዳይጠጣ ነው። አደራ መጠበቅ ነው። አደራ ጠባቂዋ ታዲያ መለዋወጫ አምፖሉን ከመሳቢያው ፈልጋ ማውጣቱን አልዘነጋችም።

ማንም ሳይጠብቅ ጋሼ ከዘራቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። የጥገና ሠራተኛው አዲስ ቀለም የተቀባውን ሰሌዳ ይዞ ይከተላቸዋል።

ያን ጊዜ የነበረውን ሩጫ ማየት ነበር! ጎርፍ የደረሰበት ጉንዳን እንኳ እንዲያ አይራወጥም። ሸረሪቱ ወንበሩን እየገፋ ደረሰ። “ጋሼ፣ እንኳን እግዜር ማረዎት! ጎማው ሲጢጥ ይል ነበር፤ ዘይት ቀባሁልዎ።”

ጉንዳኖቹ እስከ አገጫቸው መጽሐፍ ተሸክመው ተከተሉት። “አቧራውን አራገፍንልዎ።”

“መጋረጃውስ?” አሉ ጋሼ።

“አሳጠብነው።”

ጋሼ ባዶው ክፍል መሃል ቆመው እስኪያስላቸው ሳቁ። “ሸረሪት ቀድሞ፣ ጉንዳን ተከትሎ፤ ተራችሁን እንኳ አልሳታችሁም! ማስተማሬ መና አልቀረም።” ሌሎቹም አብረው ሳቁ፤ ምን ያድርጉ።

ጢንዚዛዋ ነጩን ጥቅል አቅፋ ስትገባ የጋሼ ሳቅ ቆመ። “አቧራ እንዳይ...” ብላ ጀመረች። ጋሼ ሌሎቹን በእጃቸው አስወጡ።

“የነሱ አልገረመኝም፤ ሳስተምራቸውም አውቃቸዋለሁ” አሏት። “አንቺን ግን ቤት ነበር የጠበቅሁሽ። ለባለቤቴ ‘ዛሬ ሳትመጣ አትቀርም፣ በሩን አትቆልፊው’ እላት ነበር። ማይክሮስኮፑ ላንቺ እንዲሆን ለተቋሙ ተናግሬ ጨርሻለሁ። ስትመጪ ላበስርሽ ብዬ ነበር።”

“ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይኸው፣ መልሻለሁ።”

“ምኑን ትመልሺዋለሽ? ያንቺ ነው አልኩሽ። ውሰጂው።”

እምቢ ማለት ሌላ ድፍረት ሆነባት። እንዳቀፈችው ወጣች። ሸረሪቱ ኮሪደሩ ላይ ጆሮውን ጥሎ ነበር።

“ሰጡሽ?”

“ሰጡኝ።”

“አቤት እድል!” አላት፣ ቅናቱን መደበቅ አቅቶት።

እንዲህ አፍራ አታውቅም። በሰው ሁሉ ፊት በከዘራቸው ቢመቷት በወደደች።