ፎርማት ይደረግ ወይስ ጎን ለጎን

ሲስተር ትርፌ ጃጁራ ጤና ጣቢያ መርፌ ስትይዝ ጎረምሳ የምታስለቅስ ነርስ ናት፤ ሆሳዕና ቤቷ ገብታ ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጥ ግን ራሷ ተረኛ ታማሚ ትመስላለች። ኮምፒውተሩ የልጇ የኢዮብ ነው። ኢዮብ እንደ ብዙ የአገሩ ልጆች ደቡብ አፍሪካ ከገባ ቆየ። ኮምፒውተሩ በርቶ ፎቶውና ስሙ ብቅ ሲል፣ «እንዴት ዋልክ የኔ ልጅ» ሳትል ፓስወርዱን አትነካም። ሞኝነት እንደሆነ አጥታው አይደለም። ናፍቆት ይዟታል፣ ምን ታድርግ?

አሁን ግን ለሥራዋ የታዘዘችው የኦንላይን ስልጠና በአሮጌው ዊንዶውስ አልከፍት አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ኮምፒውተር ሠሪውን አቤሴሎምን ቤት ድረስ ጠራችው። ልጁ ከደብረ ብርሃን ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም፤ የአካባቢው ቋንቋ ሀዲይሳ ከሰላምታ አላለፈለትም።

«ሲስተር፣ ምርጫው የእርስዎ ነው» አላት። «ፎርማት አድርጌ፣ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ አዲስ ዊንዶውስ ልጫንልዎት? ፎቶውንና ፋይሉን በፍላሽ አወጣዋለሁ፣ ፍጥነቱም ሌላ ነው። ካልሆነ አሮጌውን ሳልነካ አዲሱን ጎን ለጎን እጭናለሁ። እሱ ግን ቦታ ያጣብባል፤ በተነሳ ቁጥርም የቱን ልክፈት እያለ ያሰለችዎታል።»

«ፎርማት ከሆነ ስሙስ?»

«የልጅዎ? እሱማ ይጠፋል። በእርስዎ ስም ነዋ የሚከፈተው።»

 ለዚህ ለጋ ልጅ ምኑን ብላ ታስረዳው? «ባለቤቱን ልጠይቅ» አለችና ደወለች። እውነቱን ለመናገር የደወለችው ለኮምፒውተሩ አልነበረም፤ አንዲት የመመለስ ወሬ ከአፉ እንድትሰማ ነበር።

ኢዮብ ሱቁ ውስጥ ሆኖ አነሳው። እንደ ወትሮው በሀዲይሳ አወሩ።

«ይጥፋ እማ፣ ምን ያደርግልኛል?» አላት እየተቻኮለ።

«ስትመጣስ?»

መቻኮሉን ተወ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማ፣ እኔ እዚሁ ኑሮ ይዣለሁ። አልመለስም። አትጠብቂኝ» አላት።

«እሺ የኔ ልጅ» አለች። ስልኩ ተዘጋ።

አቤሴሎም አንድም ቃል አልገባውም። «ምን አለ ሲስተር?»

«ጎን ለጎን ይሁን አለ» አለችው በአማርኛ። «ስመጣ እፈልገዋለሁ፣ እንዳትነኩብኝ አለ።»

«ጎሽ! ሊመጣ ነው ማለት ነዋ!»

«እንዴታ» አለችና፣ እንባዋን ሳያይባት ወደ ጓዳ ገባች።