ላስቲክ የለበሰ ሶፋ

እኔ ሶፋ ሠሪ ነኝ፤ ሶፋ ላይ ግን አልቀመጥም። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ፣ ምን ቸገረኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላው ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚያንኮራፋበትን ስሠራ ውዬ ቤቴ ስገባ፣ እራቴን የምበላው ቆሜ ነው፤ ሳህኑን በግራ እጄ ይዤ፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ። ባለቤቴ መጀመሪያ ለመነችኝ፣ ቀጥሎ ተቆጣችኝ፣ ቀጥሎ አኮረፈችኝ፤ አንዱም አልሠራላትም። አሁን «ፈረሴ፣ ድርቆሽህ ቀርቧል» ብላ ሳህኑን ታቀብለኛለች።

የማወራው ግን ስለ እራት አይደለም፤ ስለ እግሬ ነው። አንድ ቀን የሶፋ ጠርዝ ቅልጥሜን ጫር አደረገኝ። ጭረት ናት፣ ልጅ እንኳ አያለቅስባትም። ያቺው ጭረት ከርማ ከርማ መዳፍ የምታህል ቁስል ሆነች። ቀባሁ፣ አሰርኩ፣ ሱሪ አልብሼ ደበቅኩ። ሽታው አጋለጠኝና ባለቤቴ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

ቁስል የምታጥበው ነርስ ወፍራም፣ ችኩል፣ ቀልድ የማይገባት ሴት ናት። ፋሻውን እየፈታች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?» አለችኝ። ቀን ሙሉ ከመቆም ብዛት የእግሬ ደም ስር ደክሟል፤ ደሙ ይወርዳል እንጂ ተመልሶ መውጣት አቅቶታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው አለች። ጠዋትና ማታ ጀርባዬን ደገፍ አድርጌ፣ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ፣ ቁጭ ማለት። ያን ካላደረግኩ ቀጥሎ የምንነጋገረው ስለ ቁስሉ ሳይሆን ስለ እግሩ እንደሚሆን ነገረችኝ፤ ያውም ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው፣ ድምጿን እንኳ ሳትቀይር።

ቀላል ነው አለች እኮ። በዚያው ቀን ማታ ባለቤቴ ትራስ ደራርባ አስቀመጠችኝ። ልቤ ድው ድው ይል ጀመር። ጆሮዬ ቆመ። ጎረቤት ድስት ሲከድን ደነገጥኩ፣ ውጭ ሰው ሲያስነጥስ ደነገጥኩ። ላብ አጠመቀኝ። ምድጃው ላይ ምንም ሳይጣድ «ውሃው ፈላ» ብዬ ብድግ አልኩ። በማግስቱ ቧንቧው ነው፣ በሦስተኛው ቀን አምፖሉ ነው፤ ሰበብ መች ይጠፋል። ባለቤቴ «ቂጥህ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ብላ ሳቀች፣ ሳቋን ሳትጨርስ ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። እግሬን ፈርታለች። እኔም ፈርቻለሁ፤ ብቻ የወንድ ነገር፣ ሆድ ይፍጀው አልኩ።

በቀጠሮዬ ስሄድ ነርሷ ቁስሉን አየችና ቀና ብላ ፊቴን አየች። አልተቀመጥክም አለችኝ። ሥራ በዝቶ ነው አልኳት።

«ሥራ አይደለም። ቁጭ ስትል ማን ነው የሚያስነሳህ?»

ምን አገባሽ ልላት ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አፌን ስከፍተው የወጣው ሌላ ሆነ። «እትዬ» አልኩ፣ ድምፄም የኔ አልመሰለኝም።

እትዬ የአጎቴ ሚስት ናት። እናቴ ስትሞት አጎቴ ቤቱ ወሰደኝ፤ ገና የወተት ጥርሴ አላለቀም ነበር። ሳሎኑ ውስጥ አረንጓዴ ሶፋ አለ፤ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ወፍራም ላስቲክ እንደለበሰ። እሱን መንካት ቀርቶ ጥላዬ ካረፈበት «ተነስ!» ትላለች። እሱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ወንበር ላይ ስቀመጥ ተነስ፣ ደጃፍ ላይ ስቀመጥ ተነስ፣ አልጋ ጫፍ ላይ ተነስ። ሥራ ኖረም አልኖረም ተነስ። ሲመሽማ ይብስባታል። እንደቆምኩ በላሁ፣ እንደቆምኩ አጠናሁ፤ ቤቱ ውስጥ ያለ መጥረጊያ እንኳ ጥግ ይዞ ይደገፋል። አጎቴ ማታ ይገባል፣ አያናግረኝም፣ አይቆጣኝም፤ ራቱን በልቶ ይተኛል። እኔም ደግ ሰው እሱ ነው፣ ክፉዋ እሷ ናት እያልኩ አደግኩ። ከሞተ ብዙ ዓመቱ ነው። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ፣ ስቅስቅ ብዬም አልቅሼለታለሁ። ከዚያ ወዲያ የእሷን ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊት ለፊት እርስዎ ነበር የምላት፤ ከኋላዋ ግን እሷ ናት።

ይህን ሁሉ ስነግራት ነርሷ ከንፈሯን አልመጠጠችልኝም። ያደፈውን ፋሻ ቅርጫት ውስጥ ወርውራ እጇን እየታጠበች «ሴትዮዋ እዚህ የለችም። ያ የቆመው ልጅ ግን አለ» አለችኝ። «የራስህ ልጅ ቢሆን ምን ትለዋለህ? እሱን በለውና አስቀምጠው። ብዙ አይሁንብህ፣ ሻይህን ጠጥተህ እስክትጨርስ።»

ቁስል ሊታጠብ የሄደ ሰው ለብቻው እንዲያወራ ይታዘዛል? ስወጣ በሩን ጠንከር አድርጌ ዘጋሁት። ግን እግሩ የኔ ነው፤ የምሄድበት ሌላ የለኝም።

ሥራ ቦታ የምንውለው ሁለት ነን። እንጨቱን የሚሠራው አናጢ ባልደረባዬ ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሳ ሚስማር እንለዋለን። እሱ እንጨቱን ያቆማል፣ እኔ የሽቦ ሞላውን አስሬ፣ ስፖንጁን ሞልቼ፣ ጨርቁን አለብሳለሁ። አንድ ሕግ አለን፤ የትኛውም ሶፋ ያለበሰው ሰው ራሱ በአራቱም ማዕዘን ሳይቀመጥበት ከበር አይወጣም። እኔ በክርኔና በቡጢዬ ነው የምሞክረው፣ መቀመጡን ሚስማር ይቀመጥልኛል። አንዴ እሱ ታሞ ቀርቶ አንዱን ሶፋ በቡጢ ብቻ አስረከብኩ። ደንበኛው ተመልሶ መጣና ሶፋው እንግዳ ያባርራል አለኝ። እውነቱን ነው፤ ኋላውን ከፍ፣ ፊቱን ዝቅ አድርጌ ሞልቼዋለሁ፣ የተቀመጠበት ሰው ቀስ በቀስ እየተንሸራተተ መጨረሻ ላይ ራሱን ቆሞ ያገኘዋል። ሚስማር መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀ። ሰው ሶፋ ይሠራል፣ ይኼ ግን «ሂድ ወደ ቤትህ» የሚል ሶፋ ሠራ እያለ ሰፈሩን አዳረሰው። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ሳላውቀው የሰፋሁት የገዛ ጠባዬን ነበር።

እንግዲህ እዚያችው ሥራ ቦታ፣ በርጩማ ላይ፣ በሻይ ጀመርኩ። ብርጭቆውን ይዤ ቁጭ እላለሁ። ጉንዳን የወረረኝ ይመስለኛል። ያኔ በሹክሹክታ «ቁጭ በል የኔ ጌታ፣ ማንም አይጠራህም፣ ሻይህን ጠጣ» እላለሁ። አፍሬ፣ ጆሮዬ እየጋለ። ሚስማር አንድ ቀን ሰማኝና ከማን ጋር እንደማወራ ጠየቀኝ። ከደንበኛ ጋር ነው አልኩት። «ትንሽ ነው መሰለኝ ደንበኛህ፣ ጎንበስ ብለህ ነው የምታናግረው» አለኝና ወደ መጋዙ ተመለሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ሻይ ስይዝ መዶሻውን ማስቀመጥ ጀመረ። ይሄ አፈኛ፣ አንጀቴን በላኝ።

ሻዩ ምሳ ወለደ። ምሳዬን ቁጭ ብዬ መብላት ቻልኩ፣ ባለቤቴም ስትሰማ አላመነችም። የቁስሉ ጠርዝ ቀላ፤ ነርሷ ሥጋ እያወጣ ነው አለች። ግን መሃሉ እንደተከፈተ ነው። በርጩማ አይበቃም፣ መደገፍ አለብህ፣ እግርህ መሰቀል አለበት አለችኝ። ቀና ብሎ መቀመጥ ለመሮጥ መዘጋጀት ነው፤ ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ደገፍ ስል ደግሞ ያ ልብ እንደገና ይጀምረኛል።

በዚህ መሃል ስልክ ተደወለ። የእትዬ ልጅ ናት፣ የአጎቴ ልጅ። እናቷ አርጅታ እሷ ዘንድ ልትገባ ነው፤ ከዕቃው ሁሉ ያንን ሶፋ አልሰጥም ብላለች፤ እንደ አዲስ አልብስልን፣ ከአንተ የተሻለ የለም አለችኝ። ዘጠኝ ሞት መጥቷል ቢሉት አንዱን ግባ በሉት አለ ያገሬ ሰው። እሺ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ራሴን ስሰድብ ዋልኩ።

ሶፋው መጣ። ላስቲኩ ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል፣ አሁንም ግን እንደለበሰ ነው። ሚስማር ምን ነክቶህ ነው ቢላ ይዘህ የቆምከው አለኝ። ላስቲኩን ከዳር እስከ ዳር ቀደድኩት። ጨርቁን ፈታሁ። ከሥር ጆንያ አለ። ጆንያውን ስገልጠው ገለባ ነው። የበሰበሰ ገለባ፣ ሁለት የዛገ ሞላ፣ አቧራ። ምን እንደጠበቅኩ አላውቅም፤ ወርቅ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር መሰለኝ። ቢያንስ ለወርቅ ነው ያቆመችኝ እል ነበር። ለገለባ! ደሜ ፈላ። አንድ እፍኝ አንስቼ ግድግዳው ላይ ወረወርኩት፣ መልሶ ፀጉሬ ላይ በነነ። ሚስማር አልቀለደም፤ መጥረጊያ ይዞ መጣ።

ላጣመው እችል ነበር፤ የተቀመጠበትን ሁሉ እንዲያንሸራትት አድርጌ። እጄ እምቢ አለኝ። አዲስ ሞላ አስሬ፣ ጥሩውን ስፖንጅ ሞልቼ፣ ሰማያዊ ጨርቅ አለበስኩት። ላስቲክ አላደረግኩበትም። ሚስማር እንደ ልማዱ ሊቀመጥልኝ ሲል ተው አልኩት። አየኝና፣ የሚገዛው ቀለም እንዳለ አሁን ትዝ እንዳለው ነግሮኝ ወጣ።

ተቀመጥኩ። ደገፍ አልኩ። እግሬን ትራስ ላይ ሰቀልኩ። ልቤ ጀመረ። የኔ ጌታ አልኩት፣ ማንም የለም፣ ሶፋውን የሠራነው እኛ ነን። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ጣራው ላይ ያሉትን የቆርቆሮ ምስማሮች እያየሁ ትንፋሼን ስስብና ስለቅ ቆየሁ፤ ቀስ እያለ ጉልበቴ ላላ።

ያኔ ነው እትዬ በር ላይ የቆመችው።

ልጇ ሶፋውን የሚጭን መኪና ይዛ እስክትመለስ እሷን አውርዳት ሄዳለች። ምርኩዝ ይዛለች፣ እጅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ለጥፋለች፣ እኔ ከማውቃት ግማሽ ሆናለች። ሰውነቴ ሳያስፈቅደኝ ሊነሳ ተንቀሳቀሰ። ሁለት እጄ የሶፋውን ክንድ ጨመደደ።

«ደህና መጡ እትዬ። እግሬን አሞኝ ነው፣ አልነሳም» አልኳት።

ፋሻውን አየችው። ምን ሆኖ ነው አለች። ከመቆም ብዛት ነው አልኳት፣ እንዲያማት ፈልጌ። ያማት አያማት አላውቅም። ወደ ሶፋው ጠጋ ብላ ጨርቁን በጣቷ ጫፍ ዳሰሰችና እሳት እንደነካ ሰው እጇን ሰበሰበች። ላስቲኩን ጠየቀችኝ። ጣልኩት አልኳት። ይቆሽሻል አለች። ይቁሸሽ፣ ይልቅ ቁጭ ይበሉ አልኳት። መቆም ይሻለኛል አለች፣ ምርኩዟን ተደግፋ። ይህንን ንግግር አውቀዋለሁ። በየሰው ቤት ስጋበዝ ቃል በቃል የምለው ነው።

«እትዬ፣ እርስዎ እዚህ ሶፋ ላይ ስንት ጊዜ ተቀምጠዋል?»

ነውር ነገር እንደጠየቅኳት አየችኝ። «እኔ? ምን ቆርጦኝ» አለች።

ያን ሁሉ ዓመት ይዤው የኖርኩት ንዴት በአንዴ የሚያርፍበት ቦታ አጣ። ታዲያ ለማን ነበር ያ ሁሉ ልላት አፌን ስከፍት፣ ጉልበቷ ከዳትና ከጎኔ ዝቅ አለች። ጫፉ ላይ ነው የተቀመጠችው። ጀርባዋ ቀጥ ብሏል፣ ቦርሳዋ ጉልበቷ ላይ ነው፣ ዓይኗ በሩ ላይ ተተክሏል። ደንበኛ ሁሉ ሲቀመጥ አይቻለሁ፤ እንዲህ የሚቀመጥ ሰው ከራሴ በቀር አይቼ አላውቅም።

«ደገፍ ይበሉ» አልኳት፣ በዚያች ለልጁ በማወራበት ድምፅ።

«ቢመጣስ?»

«ማን?»

«አጎትህ ነዋ።»

ከቀበርነው ብዙ ዓመቱ ነው። ያንን ዝም ያለውን፣ ያለቀስኩለትን ሰው አሰብኩት። ሲመሽ ሲመሽ «ተነስ» የሚብስባት ለምን እንደነበር አሰብኩ። ልታባርረኝ ነበር፣ ወይስ ከእሱ ልትሸሽገኝ? አልጠየቅኳትም፤ ብጠይቃትም የምትነግረኝ አይመስለኝም። ይቅር አላልኳትም፤ ያደረገችው አድርጋለች፣ እግሬ ምስክር ነው። ግን ዓይኗ ከበሩ አልነቀል ሲል ሳይ፣ ልቤ ለሁለት ሰው ፈራ።

«ይምጣ» አልኳት።

ሁለታችንም በሩን አየን። እግሬ ትራሱ ላይ ነበር፤ እዚያው ተውኩት።