የሾፌሩ በኩል ዲስክ

አብዱልጀባርን የገደሉት ሰዎች መኪናውን እንኳ አልፈለጉትም። ቀይ ይዞት ሮቦት የሚሉት የትራፊክ መብራት ላይ በቆመበት ተኩሰውበት፣ ስልኩንና የእጅ ቦርሳውን ይዘው ሄዱ። ፖሊስ ምርመራውን ሲጨርስ ነጩን ባኪ፣ ፒክአፑን፣ አስጎትቶ በስደት በሚኖሩበት ኮዝሞ ሲቲ በተባለው ሰፈር ግቢው ውስጥ አቆመው። ከዚያ ወዲያ የነካው የለም። ዝናቡ መጥቶ ሄደ፣ ብርዱ መጥቶ ሄደ፣ ፍሬኑ ዝጎ ተጣበቀ።

ሚስቱ ሰአዳ የባሏን የሐዘን ጊዜ፣ ኢዳዋን፣ ጨርሳ ወደ ሱቋ ተመለሰች። ከፍርግርጉ ጀርባ ቆማ ዳቦና ኤርታይም የሚሉትን የስልክ ሒሳብ ትሸጣለች። ዕቃ የሚያመጣላት የባሏ ታላቅ ወንድም አብዱልወሀብ ነበር፤ እሱ ባሰኘው ቀን፣ እሱ የመረጠውን። “ደግ ዋርሳ አለሽ” ይሏታል። ደግነቱስ እውነት ነው። አንድ ቀን ግን ከሰፈሩ ከወጣች ምን ያህል እንደሆናት ልታስታውስ ሞክራ አቃታት። በዚያው ሳምንት መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ተመዘገበች። ለማንም አልተናገረችም። ደጋግማ ወደቀች፣ ደጋግማ ተፈተነች፣ አለፈች።

እሁድ ጠዋት ሱቋን ዘጋች። የባሏን ቱታ ከቀሚሷ ላይ ደርባ መኪናውን በክሪክ አነሣችና በካቫሌቶ፣ በብረት ድጋፍ፣ አስደገፈችው። አዲስ የፍሬን ዲስክና ሸራ ገዝታለች፤ አሠራሩን ስልኳ ላይ ደጋግማ አይታ በቃሏ ይዛዋለች። የፊት ጎማዎቹን አወጣች፣ ሸራ የሚይዙትን ካሊፐሮች ፈትታ በሽቦ አንጠለጠለቻቸው። የግራው ዲስክ ጥቂት በመዶሻ ስትለው ወለቀ። የቀኙ፣ በዚያ አገር መሪው በቀኝ ነውና የሾፌሩ በኩል፣ ግን እምቢ አለ።

እሱን እየደበደበች ሳለ አብዱልወሀብ ገባ። ከኋላው፣ ከበሩ ውጭ፣ መኪና የሚጎትት ትልቅ መኪና ቆሟል።

“አሰላሙ ዓለይኩም። ምን እያደረግሽ ነው ሰአዳ?”

“ወዓለይኩም ሰላም ጋሼ። ፍሬን እየሠራሁ ነው።”

“ተይው፣ ላስወስደው ነው የመጣሁት። ወንድሜ የሞተበት መኪና በመጣሁ ቁጥር ሲያፈጥብኝ አልችልም። አንቺም አትችይም።”

“እኔ እችላለሁ።”

“የሞተበት ነው እያልኩሽ!”

“የሞተው ሮቦት ላይ ነው” አለች መዶሻውን ሳታስቀምጥ። “እንግዲያው ሮቦቱን ነቅለው ይውሰዱት።”

አብዱልወሀብ ደነገጠ። ይህችን ሴት እንዲህ ስትመልስ ሰምቷት አያውቅም።

“ማን ሊነዳው ነው?”

መንጃ ፈቃዷን ከኪሷ አውጥታ አሳየችው።

“ሴት ብቻዋን? በዚህ አገር? እሱን ያልማሩ አንቺን ሊምሩ?”

“ሱቅ ውስጥ ሲያገኙን መቼ ማሩን? ፍርግርግ ውስጥ ተቀምጬም ከመጡ ይመጣሉ። ባሌን ወሰዱብኝ ጋሼ። መንገዱን ግን አልሰጣቸውም።”

የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠ። “እሺ። ሲደክምሽ ትተይዋለሽ።”

ሰአዳ ዝገት የሚያላቅቀውን ዘይት ዲስኩ መሐል ነፋችበት። ጠበቀች። መታች። እጇ እስከ ትከሻዋ ደነዘዘ፣ ዲስኩ ግን ንቅንቅ አላለም። ጎረቤቷ ማ ዱዱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ የሰአዳን መዶሻ አየችና ሳቀች። ገብታ አንድ ከባድ መዶሻ ይዛ ወጣች፣ በአጥሩ ላይ አቀበለቻት።

“ሻያ፣ ሲሲ! ሻያ!” በቋንቋዋ እህቴ፣ በይው፣ በይው ማለቷ ነው።

ዲስኩ ፊት ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ቡሎን አስገብተው ሲያጠብቁት ዲስኩን ከተጣበቀበት እየገፋ ያስለቅቃል። ሰአዳ አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ እያፈራረቀች አጠበቀች። ብረቱ ሲጢጥ አለ። ወዲያው አንደኛው ቡሎን ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

“አየሽ?” አለ አብዱልወሀብ ተነሥቶ። ለጎታቹ ምልክት ሰጠው፤ ትልቁ መኪና ኋላውን ወደ ግቢው አዙሮ ማፈግፈግ ጀመረ።

ሰአዳ ብድግ አለች። በሩን ስባ ዘጋች፣ ቆለፈች፣ ቁልፉን ቱታዋ ኪስ ውስጥ ከተተች።

“ይሄ መኪና ከዚህ የሚወጣው በራሱ ጎማ ነው፣ እኔ ነድቼው!”

ጎታቹ አንዴ እሷን አንዴ አብዱልወሀብን አየ። ከዚያ ትከሻውን ሰብቆ ሄደ።

ተመልሳ የቀረውን ቡሎን በሙሉ ክብደቷ ተጭና አጠበቀች። መዶሻውን በሁለት እጇ ያዘች። ማንን እንደምትመታ እሷም አታውቅም፤ የተኮሱትን፣ መንገዱን፣ ቀይ መብራት አክብሮ የቆመውን ባሏንም ጭምር። አንድ ጊዜ እንደ መድፍ ጓ! አለና ዲስኩ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ማ ዱዱ እልልታዋን አቀለጠችው።

አብዱልወሀብ የዛገውን ዲስክ አነሣው። ዓይኑ ቀላ።

“ፈርቼ ነው እኮ” አለ። “አንቺንም እንዳልቀብር ፈርቼ።”

“አውቃለሁ ጋሼ። በቁሜ ግን አይቅበሩኝ።”

ከሰዓት በኋላ አዲሶቹን ገጥማ ጨረሰች። ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማ ረገጠች፣ አዲስ ባትሪ አስገብታ አስነሣችው። አብዱልወሀብ በተከፈተው በር መሐል ቆሞ ነበር። ወደ እሱ ነዳችና ጉልበቱ ጋ ስትደርስ ፍሬኑን ያዘች። መኪናው ቀጥ አለ።

“ወይ ይግቡ፣ ወይ ይልቀቁልኝ” አለች በመስኮቱ።

አልገባም። ግን ለቀቀላት።

ማክሰኞ ጠዋት ስልኳ ጠራ። የአብዱልወሀብ ሚስት ሸፊቃ ናት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች።

“ገበያ ስትሄጂ እኔንም ታሳፍሪኛለሽ? ወጥቼ ጥግ ላይ ልጠብቅሽ፣ እንዳያይሽ።”

“ምን ሲደረግ ጥግ ላይ!” አለች ሰአዳ። “በርሽ ላይ ቆሜ ጥሩንባ እነፋለሁ። ተዘጋጅተሽ ጠብቂኝ።”