አረንጓዴው ጨርቅ ምን አጠፋ?

የልጄ ሥራ የማይታይ ነው። ይህን ስል ሥራ ፈት ናት ማለቴ አይደለም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ኮምፒውተር ላይ እንደተጣደች ነው የምትውለው። ግን ሥራዋ ካማረ ማንም አያየውም፤ የሚታየው ሲበላሽ ብቻ ነው። እንግዲህ በዚህ እንዴት ተብሎ ይኮራል? የሱቅ ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው ልጁ ሐኪም ነው፤ ነጭ ጋዋን ለብሶ የተነሣውን ፎቶ መስኮቱ ላይ ለጥፎታል። እኔ ምን ልለጥፍ?

«ልጅሽ ግን ምንድን ነው የምትሠራው?» ይለኛል በየሳምንቱ፣ እያወቀ።

«ፊልም።»

«ትተውናለች?»

«አትተውንም።»

«ታዲያ ካሜራ ይዛ ነው?»

«ካሜራም አትይዝም። አንዱን ሰው ካለበት ቆርጣ ሌላ ቦታ ላይ ትሰፋዋለች።»

«ጉድ ነው» ይልና ወደ ጫማው ይመለሳል። ሳቁን ለመደበቅ ነው የሚያጎነብሰው፤ አላጣሁትም።

የፊልም ሰዎቹ ኮምፖዚቲንግ ይሉታል። እኔ ግን ከማንም በፊት ገብቶኛል፤ ምክንያቱም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያንኑ ስሠራ ነው የኖርኩት። ሲጋራ ያቃጠለው ኮት ይመጣልኛል። ከውስጥ፣ ማንም ከማያየው እጥፋት፣ ክር አንድ በአንድ እመዝና ቀዳዳውን በዚያው እደፍነዋለሁ። ባለቤቱ ሲመጣ ቀዳዳው የት እንደነበረ አላሳየውም። ኮቱን እሰጠውና «ፈልገው» እለዋለሁ። ወደ ብርሃን ያዞረዋል፣ በጣቱ ይዳብሰዋል፣ መጨረሻ ላይ «የቱ ጋ ነበር?» ይለኛል። ከዚያ በላይ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም፤ አልፈልግምም።

አረንጓዴው ጨርቅም የኔ እጅ ነው። የልጄ አለቃ አምስት በስድስት ሜትር የሆነ መጋረጃ እንድሰፋለት ጨርቁን በእሷ ላከልኝ። እንደዚያ ያለ አረንጓዴ በዕድሜዬ አላየሁም፤ ሳየው ውዬ ቤት ስገባ ነጩ ግድግዳ ሮዝ ሆኖ ታየኝ። አራቱን ቁራጭ ገጣጠምኩ፣ ስፌቱን ከጀርባው በካውያ ተኮስኩ፣ ዙሪያውን ቀምቅሜ ሰጠሁ። እነሱ ደግሞ ግቢ ውስጥ ሰቀሉትና አንድ ሽማግሌ ተዋናይ ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ ላይ አቁመው ቀረጹ። ፊልሙ ላይ ሰውዬው የሚታየው ግን ዐሥረኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሞ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ከተማውን ቁልቁል ሲያይ ነው። አረንጓዴውን አጥፍታ ሰውዬውን ከጠረጴዛ ወደ ዐሥረኛ ፎቅ የምታወጣው ልጄ ናት።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ላፕቶፗን ታቅፋ ሱቄ ከች አለች። ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ ብጥስጣሹን ጨርቅ ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ምንም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው በሥራ ቀን እናቱ ጋ አይመጣም።»

«ቢሮ ሰው ትከሻዬ ላይ እየቆመ መሥራት አቃተኝ፣ እማዬ። የሙከራ ጊዜዬ ነገ ነው የሚያልቀው። ይቺ የበረንዳዋ ትዕይንት ነገ አራት ሰዓት ላይ ካልደረሰች ከፊልሙ ትወጣለች። እኔም አብሬያት እወጣለሁ።»

ማሽኑን አቆምኩ። መነጽሬን አድርጌ አጠገቧ ቆምኩና አየሁ። ሰውዬው በረንዳው ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ሰማዩ ደፍርሷል፣ መብራቶች ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ደስ ይላል። ግን ከፀጉሩ ጀምሮ ትከሻውን፣ እጅጌውን ይዞ ዙሪያውን የሚዞር ቀጭን፣ ገርጣ ያለ መስመር አለ። እኔ ስቀድ የማሰምርበት ጠመኔ ነው የመሰለኝ። እጄን ሰድጄ ላራግፈው ስል «እማዬ፣ ስክሪኑን!» ብላ ያዘችኝ።

ከትናንት ጀምራ ለዚህ መስመር መላ ስትለምን ነበር። ይህን ሥራ የሚሠሩ ከሦስት ሺህ የሚበልጡ ሰዎች የሚረዳዱበት ግሩፕ ስልኳ ላይ አለ፤ ያሏትን አነበበችልኝ። አንዱ «ኮምፒውተርሽ ደካማ ነው፣ ቀይሪው» ብሏል። ሌላው «ሶፍትዌሩን አጥፍተሽ እንደገና ጫኚው» ብሏል። ሌላዋ «እኔንም እንደዚህ አድርጎኝ ነበር» ብላ፣ ታዲያ ምን እንዳደረገች ሳትናገር ሄዳለች። መጨረሻ ላይ «አባ ሬንደር» የሚባሉ ገቡ። ማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም፤ እሳቸው ከተናገሩ ግን ሌላው ሁሉ ጸጥ ይላል አሉ።

«የጨርቁ ጥፋት ነው» ይላል የጻፉት። «በደንብ ያልተሰፋ፣ የተጨማደደ ጨርቅ ይመስላል። ጨርቅ ቀይራችሁ እንደገና ቅረጹ።»

«በደንብ ያልተሰፋ?» አልኩ።

ደሜ ፈላ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሰፋ ልብስ ተመልሶብኝ አያውቅም ብዬ አልዋሽም፤ አጥሮ ተመልሶብኛል፣ ሰፍቶ ተመልሶብኛል። በስፌት ግን ተመልሶብኝ አያውቅም። ፊታቸውን አይቼ የማላውቃቸው ሰው ሦስት ሺህ ሕዝብ ፊት ስፌቴን አሙት።

«አንቺስ ምን መለስሽላቸው?»

የጨርቅ ብጥስጣሽ አንሥታ ማጣጠፍ ጀመረች። ያኔ ነው የገባኝ። ልጄም ጨርቁ ነው ብላ ነው የመጣችው፤ እንዴት ብላ እንደምትነግረኝ ጨንቋት ነው ጥጉን ይዛ የተቀመጠችው። ሆድ ባሰኝ።

«ስፌትሽ ነው ያበላሸኝ ልትዪኝ ነው?»

«አላልኩም።»

«ልትዪ ነው።»

«እማዬ፣ እኔ ምን ልበል? አባ ሬንደር ጨርቁ ነው ካሉ ሁሉም ጨርቁ ነው ይላል። እንደገና እንዳንቀርጽ ሰውዬው ለሌላ ሥራ ጺማቸውን ተላጭተዋል።» ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ንዴቴ ግማሹ ወደ አንጀቴ ወረደ። ግማሹ ግን እዚያው ነበር።

ወንበር ሳብኩ። «በይ ጨርቁን አሳዪኝ። ምንም ሳትነኪው፣ እንደተቀረጸ።»

ከፈተችው። ጨርቄ ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል። ስፌቶቼን እኔው ራሴ፣ የት የት እንዳሉ እያወቅሁ፣ አፍንጫዬን ስክሪኑ ላይ ደቅኜ ፈልጌ አጣኋቸው።

«የታል መጨማደዱ?»

«የለም።»

«ሰውዬው ዙሪያስ? መስመሩ አለ?»

ጠጋ ብላ አየች። «እዚህ ላይ የለም።»

«እንግዲያው ከጨርቁ በኋላ የመጣ ነው። እኔ ጋ አንዷ መጥታ ‘ቀሚሱ አልሆነኝም፣ እርጂኝ’ ብትለኝ ምን አደርጋታለሁ? የቱ ጋ ያዘሽ፣ ከመቼ ጀምሮ ብዬ እጠይቃታለሁ። አንቺ ለሰዎቹ ‘ሥራዬ ተበላሸብኝ’ ብለሽ ብቻ ብትጽፊ፣ እነሱስ ምን ይበሉሽ? ከመጀመሪያው መቀስ ጀምረሽ አሳዪኝ።»

ሥራዋ ለካ የክር ሥራ ነው! ስክሪኑ ላይ ትንንሽ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ክር ተስቦባቸዋል። የመጀመሪያው ሳጥን የተቀረጸው ነው። ሁለተኛው ከጨርቁ አንጸባርቆ ፊቱ ላይ ያረፈውን አረንጓዴ ያጸዳል። እዚያም መስመር የለም። ሦስተኛው ይቆርጣል፤ ሲከፈት ጨርቁ ጠፍቶ ሰውዬው ብቻውን ባዶ ላይ ቆሟል። የጺሙ ፀጉር እንኳ አንድ ሳይጎድል አለ። በየትኛውም መቀስ እንዲህ ተቆርጦ አያውቅም። ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁ፤ እስካሁን ተቀይሜያታለሁ።

አራተኛውን ስትከፍት መስመሩ መጣ።

«እሱ ምን ያደርጋል?»

«ቀለም ነው። እሳቸው በቀትር ነው የተቀረጹት፣ በረንዳው ግን ምሽት ነው። እንዲመሳሰሉ ብዬ የምስላቸውን ጥቁር ጥቁር ቦታ ትንሽ ገርጣ አደረግሁት።»

«ቆይ» አልኳት። «ቀለሙን የነከርሽው ተቆርጦ፣ ዙሪያው ተቀምቅሞ ካለቀ በኋላ ነው?»

«እ?»

ተለማማጅ ሳለሁ ለአንድ ሆቴል አስተናጋጆች ዐሥራ ሁለት ሽርጥ ሰፍቼ ነበር። ነጩን ጨርቅ ቆረጥኩ፣ ጠርዙን አጥፌ ቀመቀምኩ፣ ከዚያ ‘ቡኒ ነበር የተባለው’ ሲሉኝ ዐሥራ ሁለቱንም በርሜል ውስጥ ነከርኳቸው። ሲደርቁ መሐሉ ቡኒ ሆነ። ጠርዙ ግን የታጠፈና በክር የተያዘ ስለሆነ ቀለሙ እንደ መሐሉ አልገባበትም፤ ዙሪያውን ገርጣ ያለ መስመር ይዞ ቀረ። አሠሪዬ ዐሥራ ሁለቱን ሽርጥ በተራ አንገቴ ላይ እያንጠለጠለች «መጀመሪያ ቀለም፣ ከዚያ መቀስ» አስባለችኝ። ይህን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም። የምኮራባት ነገር አይደለችም። ያን ቀን ግን ሳልደብቅ ነገርኳት።

አልሳቀችም። ስክሪኑን አፍጥጣ ታይ ነበር።

«ጠርዙ ላይ…» አለች ቀስ ብላ። «ጠርዙ ላይ ያለው ግማሹ እሳቸው፣ ግማሹ ባዶ ነው። እኔ ባዶውንም አብሬ ነው የቀለምኩት!»

ከዚያ በኋላ እኔ አላስፈለግኋትም። ክሮቹን ነቃቅላ እንደገና ስታያይዛቸው እጇን ብቻ ነበር የማየው። «ቅዱን ከዋናው ላይ ነው የምወስደው» ትላለች ለራሷ፤ «ቀለሙ ሳይቆረጥ ሙሉው ላይ ይገባል፤ ከዚያ በቅዱ እቆርጠዋለሁ።» በኔ ቋንቋ ስታወራ ሰማኋት። ሻይ አስመጥቼ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰች። ሰውዬው በረንዳው ላይ ቆሟል፤ ጠመኔው የለም። ምሽቱ እስከ ጺሙ ጫፍ ድረስ ገብቶበታል።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ቂሜ ግን አልለቀቀኝም።

«አሁን ለአባ ሬንደርሽ ጻፊ። ጨርቁ ንጹሕ ነው በያቸው።»

ጻፈች። የሳጥኖቹን ፎቶ አስቀመጠች፣ ቅደም ተከተሉ እንዴት እንደተሳሳተ አስረዳች። እሳቸውም ወዲያው «ጎበዝ። ግን ከመጀመሪያው ጀምረሽ እንድትመረምሪ ማን ነገረሽ?» ብለው ጠየቁ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝና እንዲህ ጻፈች፦ «እናቴ ናት። ልብስ ሰፊ ናት። ጨርቁንም የሰፋችው እሷ ናት።»

አባ ሬንደር እየጻፉ እንደሆነ ስልኩ ያሳያል፤ ያቆማሉ፤ እንደገና ይጀምራሉ። ሁለታችንም ዓይናችንን አልነቀልንም። በመጨረሻ መጣ። «እናትሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ሳልመረምር ነው የፈረድኩት። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ ቅደም ተከተሉን ነበር።»

«ይቅር ብያለሁ በያቸው» አልኩና ማሽኔን አስነሣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ ግሩፑ አናት ላይ አንድ ማሳሰቢያ አሰቅላለች፦ ‘እርዳታ የምትጠይቁ ከመጀመሪያው መቀስ ጀምራችሁ አሳዩ።’ የማን ቃል እንደሆነ ሦስት ሺህ ሰው አያውቅም። እኔ ካወቅሁ ይበቃኛል።

ዓርብ ዕለት አለቃዋ ትዕይንቷን ሦስት ጊዜ አስደግሞ አየ። ከዚያ «ይሄን በረንዳ ግን መቼ ሄደን ነው የቀረጽነው?» አለ፤ ወዲያው ጠረጴዛው ትዝ ብሎት ራሱ ሳቀ። ልጄ ሥራዋን ይዛ ቀረች።

ፊልሙ ሲታይ ጫማ ሰፊውን ጋበዝኩት። በግራዬ እሱ፣ በቀኜ ልጄ። አዳራሹ ውስጥ እንዳልናገር ሦስት ጊዜ አስጠንቅቃኛለች። የበረንዳዋ ትዕይንት ስድስት ሰከንድ ናት፤ ነፋስ የሽማግሌውን ኮሌታ ያነሣዋል፣ ከኋላው መብራት ይበራል፣ ያልፋል። ትንፋሼን ይዤ ጫማ ሰፊውን በዓይኔ ጠርዝ አየሁት። ምንም አልመሰለውም። ፊልሙን ነበር የሚያየው።

መብራት ሲበራ ኮቱን እያስተካከለ «ጥሩ ነው ባክሽ» አለኝ። «እኔማ ሽማግሌው እዚያ ፎቅ ጫፍ ላይ ሲቆሙ እግሬን ነው የራደኝ። የፈለገ ቢከፈለኝ እዚያ አልወጣም።» ከዚያ የልጄ ነገር ትዝ አለው መሰለኝ ወደ እሷ ጎንበስ አለና መልሶ ወደ እኔ ዞረ። «ለመሆኑ የልጅሽ ሥራ የቱ ጋ ነበር?»

ሁሉም ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ፦ ጠረጴዛው፣ ጨርቁ፣ ጠመኔው፣ ዐሥራ ሁለቱ ሽርጥ ሳይቀሩ። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ነው የጠበቅሁት! ልጄን አየኋት። አንገቷን ደፍታለች፤ ግን ከንፈሯ ዳር ላይ ፈገግታ ይዛለች። ኮት ስመልስ እኔም እንደዚያው ነው የምሆነው። እጇን ጨበጥኩና ወደ ጫማ ሰፊው ዞርኩ።

«ፈልገው» አልኩት።