የሆደ ሰፊው ጉበት

ኬክ ጋጋሪው በዕድሜው መጠጥ ቀምሶ አያውቅም፤ ይህንንም ሲያወራ ሰው ያሰለቻል። መለኪያ የማይጠላውን የሚስቱን ወንድም፣ ቧንቧ ሠራተኛውን፣ ገና በር ላይ ሲያየው፣ «ጉበትህ ደህና አደረ?» ይለዋል።

ሚስትየዋ ንትርካቸው ሲያንገሸግሻት ሁለቱንም ክሊኒክ ላከቻቸው። ጋጋሪው «እኔ እንኳ አጃቢ ነኝ» እያለ ገባ። ሐኪሟ ግን መጀመሪያ እሱን አስተኛችና ሆዱን ጄል ቀብታ በአልትራሳውንድ አየችው።

«ሆድዎ ሰፋ ብሏል።»

«አዎ፣ ሆደ ሰፊ ነኝ፤ ጎረቤት ይመሰክራል።»

«ጉበትዎን ስብ ሞልቶታል ማለቴ ነው።»

ጋጋሪው ብድግ አለ። «የኔን? ኧረ ዶክተር፣ ማሽኑ ያሳየሽ የሱን ይሆናል!»

ቧንቧ ሠራተኛው በሳቅ ፍርስ አለ።

ሐኪሟ ታግሣ አስረዳቻቸው። የጉበት ካንሰር መነሻው እንደየአገሩ ነው፤ አንዱ ጋ የጉበት ቫይረስ፣ አንዱ ጋ የሻገተ እህል፣ ሌላው ጋ መጠጥ ይበዛል። አሁን ክትባት በተዳረሰበት ሁሉ ቫይረሱ ሲያፈገፍግ፣ ውፍረትና የስኳር በሽታ ቦታውን እየያዙ ነው።

«የርስዎ ካንሰር አይደለም» አለችው ጋጋሪውን፤ «ዝም ከተባለ ግን መንገድ ይጠርግለታል። ከኬክ ይራቁ።» ቧንቧ ሠራተኛውንም አስተኝታ ካየችው በኋላ፣ «የርስዎ ለጊዜው ደህና ነው፤ ግን የቫይረሱን ክትባት ይከተቡ፤ መጠጡንም ይተዉ» አለችው።

«ኬክ ጋጋሪ ከኬክ ወዴት ይሸሻል?» እያለ ጋጋሪው መንገዱን ሙሉ አለቃቀሰ። በመጨረሻ ተስማሙ፦ ቧንቧ ሠራተኛው መጠጥ ይተዋል፣ በጋጋሪው ፈንታም ኬክ ይቀምሳል።

ሰውየው ቃሉን ጠበቀ። ከመለኪያ የተላቀቀ አፉም ሥራ ፈትቶ ስለነበር ቅምሻውን በፍቅር ያዘው። «ክሬሙ ትንሽ ይቀረዋል» ይልና ሳህኑን ይጠርጋል፤ «አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም» ይልና ሌላ ያስመጣል። ጋጋሪው በበኩሉ በእግሩ መሄድ ስላዘወተረ ሱሪው ከወገቡ ይንሸራተት ጀመር።

ለምርመራ ሲመለሱ ሐኪሟ በጋጋሪው ደስ አላት። የቧንቧ ሠራተኛውን ጉበት ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«መጠጥ ተዉ?»

«ጠብታ አልቀመስኩም!»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ስብ ከየት መጣ?»

ጋጋሪው ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

«የሥራ ላይ አደጋ ነው፣ ዶክተር» አለ ቧንቧ ሠራተኛው።

ሚስትየዋ ይህን ስትሰማ፣ «እናንተ ሰዎች አንድ ጤነኛ ጉበት እንኳ አታመጡልኝም?» ብላ የቅምሻውን ማንኪያ ነጠቀች። አሁን እሷ በማንኪያ ጫፍ ትቀምሳለች፤ ሁለቱ ወንዶች ጠዋት ጠዋት ዳገቱን ይወጣሉ፣ ማን ይበልጥ እንዳለከለከ እየተጨቃጨቁ።