ጆሮ ያወጣ አውራ ጣት

የእኔን የልብስ ስፌት ክፍል ከጎረቤቴ የብረታ ብረት ሥራ ቤት የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ስስነቱን ለማወቅ፣ ማዶ ያለው ሰው ሲያስነጥስ እኔ እዚህ ሆኜ «ይማርህ» እላለሁ፤ እሱም እዚያው ሆኖ «ያኑርሽ» ይለኛል። ስለዚህ የእነሱን ቤት ድምፅ ከገዛ ስፌት መኪናዬ ድምፅ እኩል አውቀዋለሁ። ከሁሉም አብልጬ የማውቀው ግን ሁለት ቃል ነው።

«ጠብቅ።» ከዚያ ዝምታ። «በለው!» ከዚያ ጓ!

ጓ የሚለው የላሜራ መቁረጫው ነው። ስለቱ ከላይ እንደ መዝጊያ ተንሸራቶ ይወርዳል። አንዱ ሰው እጁን ከስለቱ ሥር ሰዶ ላሜራውን ያስተካክላል፤ ሌላው በእግሩ ፔዳሉን ይረግጣል። «ጠብቅ» ማለት እጄ ውስጥ ነው፣ እንዳትነካ ማለት ነው። «በለው» ማለት እጄን አውጥቻለሁ ማለት ነው። በሁለቱ ቃላት መሃል ባለችው ዝምታ ውስጥ ዐሥር ጣት አለ።

ፔዳሉን የሚረግጠው ቀስበል ነው። ሰው ሲጣደፍ ባየ ቁጥር «ቀስ በል» ስለሚል ቅጽል ስሙ ሆኖ ቀረ። ሻይ ሲያማስል ስኳሩ ሳይሟሟ ሻዩ ይቀዘቅዛል። አንድ ነገር ከጠየቃችሁት መልሱን ለመስማት ወንበር ይዞ መምጣት ነው። እጁን ከስለቱ ሥር የሚሰደው ደግሞ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሜትር እንለዋለን። የቀኝ እጁ ስንዝር ልክ ሃያ ሁለት ሴንቲ ናት። በርም ይሁን መስኮት በእጁ ለክቶ ይቆርጣል፤ ተጠራጥሮ መለኪያ ያወጣ ደንበኛ አፍሮ ኪሱ ይመልሰዋል።

ዐሥራ ስምንት ዓመት አብረው ሲሠሩ አንድ ጠብታ ደም አላዩም።

«ምስጢሩ ምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ።

«ጋሼ ነዋ!» አለ ሜትር። «በለው ስለው እንኳ፣ ማንን? ብሎ አስቦ ነው እኮ የሚረግጠው።»

ቀስበል ይህን ሰምቶ ፈገግ ያለው እኔ ወጥቼ በሬ ላይ ስደርስ ነው።

የቲቪ ጌም ቤታቸው ያመጣው ሜትር ነው። አንድ ደንበኛ ቤት ሲቀይር «ልጆቼ አድገውበታል፣ አንተ እደግበት» ብሎ ከነጆይስቲኩ ሰጠው። እኔ ጌም ሲባል የሚመጣልኝ የሚበር መኪናና የሚፈነዳ ነገር ነበር። ይሄኛው ሌላ ነው። ሁለት ሰዎች ጎራዴ ይዘው ባዶ ሜዳ ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ጠመንጃ የለ፣ አስማት የለ። ጎራዴው ሲወርድብህ፣ ልክ በዚያችው ቅጽበት የመከላከያዋን ቁልፍ በአውራ ጣትህ ከተጫንክ ብረት ከብረት ይጋጭና ባላጋራህ ይንገዳገዳል፤ ያኔ የእጅህ ነው። ከቀደምክ፣ አታሎህ በሌላ በኩል ይመጣል። ከዘገየህ ሞተሃል።

ቀስበል ሁልጊዜ ሟች ነበር። እሁድ ከሰዓት እነሱ ሳሎን ስገባ ሶፋው ላይ ጆይስቲኩን እንደ ትኩስ ብርጭቆ ይዞ አገኘዋለሁ።

«ዛሬስ ስንቴ ሞትክ?»

«ሰላሳ ሁለት» ትለኛለች ሚስቱ፣ ሽንኩርት እየላጠች። «የእውነቱን ይህን ያህል ቢሞት ኖሮ እኔ ስንቱን ባል አገባ ነበር!»

«አሁን እኮ ልጫን ስል ነው የቆረጠኝ» ይላል ቀስበል።

መላውን ያገኘው ሜትር ነው። ከሶፋው ኋላ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «ጋሼ፣ የሰውዬውን ትከሻ እይ» አለው። «ከመምታቱ በፊት ትከሻው ነቃ ትላለች።»

«አይቻታለሁ። እሷን አይቼ እስክጨርስ ግን ተቆርጫለሁ።»

«እንግዲያው እኔ አይልሃለሁ። ትከሻው ስትነቃ ጠብቅ እልሃለሁ፤ አንተ ተከላከል። በቃ፣ አታስብ። አንተ ስታስብ ነው የምንሞተው።»

ቃላችን መቼም አንድ ነው። ቆይ ለማለትም ጠብቅ፣ ራስህን ጠብቅ ለማለትም ጠብቅ። ሥራ ቤት ውስጥ ጠብቅ ማለት አትንካ ነበር፤ ሶፋው ላይ ጠብቅ ማለት ተጫን ሆነ። የሚናገረው ያው ሰው፣ የሚሰማው ያው ሰው። እኔ እዚያው ተቀምጬ ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ የተናገርኩት ነገር ቢኖር ሻዩ ስኳር አንሶታል የሚል ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ምሳ በበሉ ቁጥር፣ ሌላው ሰው ጋደም በሚልበት ሰዓት፣ እነሱ ጎራዴ ይመዛሉ። በመጀመሪያው ወር ቀስበል በቀን ሃያ ጊዜ ሞተ፤ በሁለተኛው ዐሥር። በአራተኛው ወር መሞት ተወ። ሜትር «ጠብ—» ብሎ ቃሉን ሳይጨርስ የቀስበል አውራ ጣት ወርዶ ይገኛል። ሜትር ራሱ ባዶ እጁን ከኋላ ቆሞ፣ ቃሉን ባለ ቁጥር በአውራ ጣቱ የሶፋውን መደገፊያ ይጫናል። የሶፋው ቆዳ እዚያ ቦታ ላይ ጎድጉዷል።

«አሁን እኮ ቃሉን በጆሮዬ አልሰማውም» አለኝ ቀስበል አንድ ቀን። «በጣቴ ነው የምሰማው።»

«እሰይ፣ ጣትህ ጆሮ አወጣ! ጉትቻ እንግዛለት?»

ሳቀ። ወዲያው ነው የሳቀው። ይሄኔ ነው መጀመሪያ ቅር ያለኝ። ቀልዴ ገብቶት እስኪስቅ ድረስ መርፌ ክር አስገብቼ የምጨርስለት ሰው ነበር። ሻዩንም ሁለቴ አዙሮ በአንድ ትንፋሽ ጠጣው።

«ባሌን ማን ቀየረብኝ?» አለች ሚስቱ። እየሳቀች ነው፤ ግን ማንኪያውን አንስታ አየችው።

በዚያው ሰሞን መንገዱ ማዶ ያለው ጌም ቤት ውድድር አወጣ፤ ሽልማቱ አዲስ ጆይስቲክ። እሁድ ከሰዓት ሰፈሩ ሁሉ እዚያች ጠባብ ክፍል ገብቶ ተጠቀጠቀ። ቀስበል ሜትርን ከኋላው አቁሞ አራት ሰው ጣለ። ለመጨረሻው ፀጉር አስተካካዩ ቀረ። ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ የሰው ጭንቅላት ይዞ የሚውል፣ የማይናገር፣ ሁሉን ግን የሚሰማ ሰው ነው። አንድ ለአንድ ሆኑ። በሦስተኛው ዙር የፀጉር አስተካካዩ ተዋጊ ጎራዴውን ይዞ ቀጥ ብሎ ቆመ። ትከሻው አትነቃም። ሜትር ትንፋሹን ይዟል። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ በአፉ ጎን፣ የሜትርን ድምፅ አስመስሎ «ጠብቅ» አለ።

የቀስበል ጣት ወረደ። የሱ ተዋጊ ምንም ያልመጣበትን አየር በጎራዴው መከተ። ሌላው ቆም ብሎ አየውና፣ ሳይቸኩል፣ ጨረሰው።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። «ጋሼን በገዛ ቃሉ ላጨው!» ይላል አንዱ። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ዓይኔን ስጠርግ ግን ቀስበል አውራ ጣቱን እያየ ነበር።

«እኔ አልተጫንኩም» አለ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ማን ተጫነ?»

ጣቱን አሳየኝ። «እሱ።»

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ አስቆምኳቸው። «ከነገ ጀምሮ ሥራ ቤት ሌላ ቃል ፈልጉ» አልኳቸው። «ቁም በሉ፣ ቆይ በሉ፣ ከፈለጋችሁ ስሜን ጥሩ።»

«እትዬ ደግሞ» አለ ሜትር። «ዐሥራ ስምንት ዓመት የጠበቀን ቃል እኮ ነው።»

ቀስበል ግን አላሾፈም። «ሥራ ቤት የምረግጠው በእግሬ ነው» አለኝ። «እግሬ ጌም አይጫወትም።»

እግሩን አየሁት። ያው የድሮው ዘገምተኛ እግር ነው፤ ድንጋይ ሲያይ ዞሮ የሚሄድ። እውነትም፣ ብዬ ተጽናናሁ።

ረቡዕ ዕለት ፔዳሉ ተሰበረ። ኤሌክትሪሺያኑ መጣ፣ ከስሩ ተንበርክኮ ሲነካካ ዋለና፣ «መለዋወጫው እስኪመጣ ለጊዜው» ብሎ ገመድ ያላት ትንሽ ጥቁር ሳጥን አንጠለጠለላቸው። ሳጥኗ በእጅ ትያዛለች። ላይዋ ላይ አንድ ቁልፍ አለ፤ እሱ ሲጫን ስለቱ ይወርዳል።

ይህን ያየሁት ሐሙስ ጠዋት ነው፤ መቀሴን ልስል ገብቼ። ቀስበል ማሽኑ ጎን ቆሟል። ሳጥኗን በሁለት እጁ ደረቱ ሥር ይዟታል፤ አንገቱን ትንሽ ሰበር አድርጓል፤ አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ። ሶፋው ብቻ ነው የጎደለው።

«ቀስበል፣ እግርህስ?» አልኩት።

«አረፈች።»

«ቃሉን ቀይሩ። ዛሬውኑ፣ አሁን።»

«እትዬ፣ አንቺ ልብስ ሳይሆን ስጋት ነው የምትሰፊው» አለ ሜትር፣ ጓንቱን እየሳበ። «ይልቅ ሱሪዬ ደረሰ?»

ቀስበል ወደ ጣቱ አየ። ሊያስብ ነበር። የድሮው ቀስበል ቢሆን ወንበር ስቤ እጠብቀው ነበር፤ አስቦም አንድ ነገር ይለኝ ነበር። ነገር ግን ደንበኛው በሩ ላይ ቆሞ «መስኮቴ ዛሬ ይደርሳል ብላችሁ አልነበር?» ሲል ሜትር ላሜራውን አነሳ፣ ቀስበልም ቀና አለ። መቀሱን ሳልስል ይዤ ወጣሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ መውጣቴ ነው። ሳጥኗን ቀምቼ መሄድ ነበረብኝ። የጎረቤት ሴት የሰው ሥራ ቤት ገብታ ዕቃ ስትቀማ ትንሽ ያሳፍራል፤ ያቺን ትንሽ ሐፍረት ነው የፈራሁት።

መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ጨርቁን አስገባሁ፣ እግሬን አኖርኩ፣ አልረገጥኩም። ከማዶ ላሜራው ሲጎተት ሰማሁ። የሜትር ጫማ አንድ እርምጃ ተጠጋ።

«ጠብቅ። ጓ!»

መሃሏ የለችም። ዐሥራ ስምንት ዓመት የሰማኋት ዝምታ የለችም። ዝምታው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ረዥም። ከዚያ የሜትር ድምፅ፣ የሌላ ሰው ዕቃ የጠፋ ይመስል፣ «ጋሼ... ጣቴስ?» አለ።

የቀኝ እጁ መሃል ጣት ከመጀመሪያው አንጓ ሄደ። ጓንቱ ሰፊ ባይሆንና ላሜራውን ወደ ራሱ ሊጎትት እጁን ወደ ኋላ ባይስብ ኖሮ አራቱም ይሄዱ ነበር፤ ሐኪሙ ነው ያለው። እኔ በተቀደደ አንሶላ ጠቅልዬ ይዤለት ሄድኩ። ቀስበል ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ የሰው ዕቃ እንደሚጠብቅ ሰው። ሚስቱ ሮጣ መጣች፤ አየችው። ትከሻውን ነካችና «እኔ ልግባ፤ አንተ እዚህ ጠብቅ» አለችው።

አውራ ጣቱ ጉልበቱን ተጫነ።

እሷም አየች። እኔም አየሁ። እሱ ግራ እጁን አምጥቶ በላዩ ላይ ከደነው።

ሜትር ከነፋሻው ነው ቀልዱን የጀመረው። «ከእንግዲህ ስንዝሬ ሃያ ናት፤ ጠባብ መስኮት የምትፈልጉ ወደኔ» ይላል። ጌሙን እህቱ በጨርቅ ጠቅልላ ቁምሳጥን ላይ አወጣችው። ሥራ ግን ሥራ ነው፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ ሥራ ቤቱ ተከፈተ። ቀስበል ሳጥኗን አልነካም አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ከስለቱ ሥር የሚገባው የእኔ እጅ ነው» አለ። ለምነነው ነበር፤ ከአደጋው ወዲህ እንደ ጥንቱ ቀስ ብሎ ያሰበው ነገር ይኸው ብቻ ስለሆነ አልተመለሰም። ስለዚህ ሳጥኗን ሜትር ያዘ። መለዋወጫውም መንገድ ላይ ነው ይባላል።

ቃሉን ቀየሩት። አሁን «ቁም» ነው። ሦስት ጊዜ አስደግሜያቸዋለሁ፣ ተማሪ እንደሚያስጠና አስተማሪ። ቃሉን የሚለው ደግሞ እጁ ውስጥ ያለው ሰው ነው፤ ማለት ቀስበል።

ግን ዐሥራ ስምንት ዓመት የሰማው ቃል ሌላ ነው። እኔም ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሜትር ሶፋው ኋላ ቆሞ ያጎደጎደውን ቆዳ አስባለሁ። ባዶ እጁን አራት ወር ሙሉ የተጫነውን አውራ ጣት። የተቆረጠው የመሃሉ ነው፤ አውራው ደህና ነው።

ዛሬ ጠዋት ላሜራው ተጎተተ። የቀስበል ዘገምተኛ ጫማ ተጠጋ። እግሬን ከመኪናዬ ላይ አነሳሁ።

«ጠብ—» አለ ቀስበል፤ አቆመ።

እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ከማዶ ጓም አይሰማም፣ በለውም አይሰማም።